ለእያንዳንዱ እንግዳ ምጣድ የሚጣድበት ቤት

«ሲስተም የለም።» ይህቺ ሁለት ቃል ብቻ ያላት ዓረፍተ ነገር በአገራችን መስኮቶች ላይ ስንቱን ሰው ከሄደበት መለሰች! ባንክ ሄደው ሰምተዋታል። ገቢዎች ሄደው ሰምተዋታል። ሆስፒታል ካርድ ክፍል ፊት ቆመው ሰምተዋታል። አዲስ አበባ ላለ ሰው «ነገ እመለሳለሁ» ማለት የአንድ ታክሲ ጉዳይ ነው። ከታች ጋይንት ወይም ከስማዳ ተነስቶ ደብረ ታቦር ለገባ ገበሬ ግን ነገ የሚባለው ቀን አልጋ ይፈልጋል፣ ምግብ ይፈልጋል፣ ቤት የቀረ ከብትና ልጅ አለበት። «እናቴ፣ ዛሬ ሲስተም የለም፤ ነገ ይምጡ» የተባለች ታማሚ የምታጣው አንድ ቀን ብቻ አይደለም። አንዳንዴ ጭራሽ ሳትመለስ ትቀራለች።

ለምን ብለን ስንጠይቅ መልሱ የታወቀ ነው፤ ኔትወርክ ወይም መብራት። ሐሰት ነው አይባልም። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር የማያውቅ የለም። ጉና ተራራ ሥር ያለ ጤና ጣቢያ መብራት ሲጠፋበት ኮምፒውተሩ ጌጥ ይሆናል። ይሁንና መብራቱም ኖሮ፣ መስመሩም ኖሮ፣ ገጹ እየተሽከረከረ አልከፈት የሚልበት ቀን ደግሞ አለ። በዚያ ቀን ጥፋቱ የቴሌም የመብራት ኃይልም ላይሆን ይችላል። ሦስተኛ ተጠያቂ አለ፤ እሱም የሶፍትዌሩ አሠራር ነው። ዛሬ የማነሳው ይህን ማንም የማይጠይቀውን ሦስተኛ ተጠያቂ ነው።

«ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ» እንዲሉ፣ ነገሩን በቤት ዕቃ እናስረዳው። አንዲት ባለትዳር ለሁለት ሦስት ቀን የሚበቃ እንጀራ ትጋግርና መሶብ ውስጥ ታኖራለች። እንግዳ ሲመጣ ታስታጥባለች፣ መሶቡን ትከፍታለች፣ አለቀ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ማገዶ የምትማግድ፣ ምጣድ የምትጥድ ሴት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ብትኖር፣ አምስት እንግዳ በአንድ ጊዜ የመጣ ዕለት ቤቷ ጭስ ብቻ ይሆናል። ጎረቤትም «ምነው መሶብ የላትም እንዴ?» ማለቱ አይቀርም።

ብዙው የቢሮ ሶፍትዌራችን እንደዚህች ሴት ነው። የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ አዲስ ታካሚ ለመመዝገብ ገጹን ስትከፍት፣ ፕሮግራሙ የክልሎችን ዝርዝር፣ የዞኖችን፣ የወረዳዎችን፣ የሕክምና ክፍሎቹን ስም፣ የአገልግሎቱን ዋጋ አንድ በአንድ ከዳታቤዙ ይጠይቃል። ደቡብ ጎንደር ውስጥ ፋርታ የሚባል ወረዳ መኖሩን ጠዋት 2:30 ላይ ጠይቆ ተነግሮታል። 2:32 ላይ ለሚቀጥለው ታካሚ እንደገና ይጠይቃል። 2:35 ላይም ይጠይቃል። ፋርታ እኮ የትም አልሄደም! ዳታቤዙ ያለው ሌላ ከተማ ከሆነ ደግሞ ይህ ሁሉ ጥያቄ በዚያው በቀጠነ መስመር ላይ ይመላለሳል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው።

በኮምፒውተሩ ዓለም መሶቡ ስም አለው፤ ካሽ ይባላል። ካሽ ሲባል ጥሬ ገንዘብ የሚመስለው አንባቢ አይጠፋምና አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ገንዘብ አይደለም። አንድ ጊዜ ተጠይቆ የተመለሰን መልስ ለሚቀጥለው ጠያቂ ቅርብ ቦታ ማቆየት ማለት ነው። ሥራው ይኸው ነው።

አሁን ወደ ቴክኒኩ ትንሽ እንግባ፤ ጉዳዩ ያለው እዚያ ነውና። በመንግሥት ቢሮዎች የምናያቸው ትልልቅ ሲስተሞች ብዙዎቹ የተጻፉት ጃቫ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ጃቫ ላይ ቤት ለሚሠራ ሰው ምሰሶና ማገር ሆኖ የሚያገለግለው ደግሞ ስፕሪንግ የተባለው ማዕቀፍ ነው፤ የመጀመሪያ ሙሉ እትሙ በ2004 እ.ኤ.አ. ወጣ። ይህ የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስላችሁ። ጤና ሚኒስቴር ከ2010 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በመላ አገሪቱ ያስገባው ዲኤችአይኤስ 2 የሚባለው የጤና መረጃ ሲስተም፣ ኖርዌይ በሚገኘው የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪነት የሚሠራ፣ በጃቫና በስፕሪንግ የቆመ ነው። የፋይዳ መታወቂያ የተመሠረተበት ሞሲፕ የተባለው፣ ሕንድ ባንጋሎር ውስጥ የተጀመረው ሲስተምም እንዲሁ ጃቫና ስፕሪንግ ነው። ስለዚህ የስፕሪንግ ነገር ሲነሳ የሚነሳው የጤና ጣቢያው ሪፖርትና የእያንዳንዳችን መታወቂያ ነው።

ለጃቫ የተሠሩ መሶቦች ሞልተዋል። ኢኤችካሽ የሚባለው ዕድሜ ጠገብ ነው፤ ካፌይን የሚባለው ደግሞ በፍጥነቱ የታወቀ ነው። ሁለቱም ያለ ክፍያ ይገኛሉ። ብዙ ሰርቨር ላለው ቤት ሃዘልካስት አለ፤ ከፕሮግራሙ ውጪ ራሱን ችሎ የሚቆመው ሬዲስም አለ። ድሮ ከእነዚህ አንዱን ከፕሮግራሙ ጋር ለማገናኘት ባለሙያው በየቦታው ኮድ ይጽፍ ነበር። ስፕሪንግ በ2011 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.1 እትሙ ይህን አቀለለው። አሁን ባለሙያው ካሸብል የምትባል አንዲት ምልክት ከሥራው ራስ ላይ ያኖራል። ከዚያ ወዲያ ጥያቄ ሲመጣ ስፕሪንግ መጀመሪያ መሶቡን ያያል። ካለ ያቀርባል፤ ከሌለ ምጣዱ ጋ ሄዶ ያመጣና ለሚቀጥለው ያስቀምጣል። መረጃው ሲቀየር አሮጌውን የምታስወጣ ሌላ ምልክትም አለች። መሶቡን ከኢኤችካሽ ወደ ካፌይን መቀየር ቢፈለግ እንኳ ምልክቷ አትነካም።

እንግዲህ ይህን ያህል ቀላል ከሆነ ለምን አይደረግም? ብዙ ቦታ ይደረጋል። ችግሩ ምልክቷን አኑሮ ዘወር ማለቱ ነው። «አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች» የተባለው እዚህ ላይ ይመጣል።

አንደኛ፣ መሶቡን ሳይመርጥ ምልክቷን ብቻ ላኖረ ባለሙያ ስፕሪንግ ቡት የራሱን ቀላል መያዣ ይሰጠዋል። ይህ መያዣ የመጠን ልክ የለውም፤ የጊዜ ገደብም የለውም። የገባበት ሁሉ እዚያው ይቀመጣል። ለወረዳዎች ስም ችግር የለውም። ለታካሚዎች ዝርዝር ከተጠቀሙበት ግን ማኅደረ ትውስታውን እየሞላ ሄዶ አንድ ቀን ሰርቨሩን ይጥለዋል። ያኔ መስኮቱ ላይ የምትሰማው ቃል ያው የለመድናት ናት።

ሁለተኛ፣ ምልክቷ የምትሠራው ጥሪው ከውጭ ሲመጣ ነው። በዚያው ክፍል ውስጥ አንዱ ሥራ ሌላውን ከጠራ ስፕሪንግ መሀል ገብቶ መሶቡን የማየት ዕድል አያገኝም። ባለሙያው «ካሽ አስገብተናል» ብሎ ሪፖርት ያደርጋል፤ ኃላፊው ይፈርማል፤ መሶቡ ግን ባዶውን ተቀምጧል። ወረቀት ላይ የተሠራ፣ መሬት ላይ የሌለ ሥራ አዲስ ነገር አይደለም፤ ሶፍትዌር ውስጥም አለ።

ሦስተኛ፣ ሁለት ሰርቨር ያለው መሥሪያ ቤት ለእያንዳንዱ የራሱን መሶብ ከሰጠ፣ አንዱ ጋ የተቀየረው መረጃ ሌላው ጋ አሮጌ እንደሆነ ይቆያል። ባለጉዳዩን መስኮት 3 «ከፍለዋል» ሲለው መስኮት 5 «አልከፈሉም» ይለዋል። ሠራተኛዋ አልዋሸችም፤ ማሽኑም አልተበላሸም። ሁለት መሶብ አንድ ቤት ገብቶ ነው።

አራተኛ፣ የተቀመጠው ሁሉ በአንድ ሰዓት ጊዜው እንዲያልፍ ከተደረገ፣ ሰኞ ጠዋት ቢሮ ሲከፈት ሁሉም መስኮት በአንድ ላይ ምጣዱ ላይ ይረባረባል። የጤና ሪፖርት ወር ከ21 እስከ 20 ስለሚቆጠር፣ ከ20 በኋላ ባሉት ቀናት ጤና ጣቢያው ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲስተሙ ላይ ይወርዳል። መሶቡ ባዶ የሆነበት ሰዓትና እንግዳ የበዛበት ሰዓት ከተገጣጠሙ ምን እንደሚሆን መናገር አያስፈልግም።

እነዚህ አራቱ የባለሙያ ጉዳዮች ናቸው፤ ጎበዝ ባለሙያ ያስተካክላቸዋል። እኔ ማለት የምፈልገው ዋናው ነገር ግን ከዚህ ይለያል። የትኛው መረጃ ለምን ያህል ጊዜ ይቀመጥ የሚለውን ጥያቄ ባለሙያ ብቻውን ሊመልሰው አይችልም፤ ሊመልሰውም አይገባም። እንጀራ መሶብ ውስጥ ስንት ቀን እንደሚቆይ መሶብ የሰፋችው ሴት አትወስንም። የምትወስነው እንጀራውን የምታውቀው፣ ቤተሰቡን የምታውቀው ናት።

ዲኤችአይኤስ 2ን እንይ። የሲስተሙ ማስተካከያ ገጽ ውስጥ ለትንተና ውጤቶች የካሽ ምርጫ አለ። ጭራሽ አታስቀምጥ፣ ለ1 ደቂቃ፣ ለ5 ደቂቃ፣ ለ1 ሰዓት፣ እስከ ነገ ጠዋት 12 ሰዓት፣ ለ2 ሳምንት እያለ ይሄዳል። አንድ ሌላ ብልህ ምርጫም አለው፤ መረጃው የቆየ በሆነ መጠን ረዘም አድርጎ ማስቀመጥ። ልክ ነው፤ የዛሬ ሦስት ዓመት የተከተቡ ሕፃናት ቁጥር ዛሬ ከሰዓት አይለወጥም፤ የዚህ ወር ግን ገና እየገባ ነው። ከዚህም ሌላ በሲስተሙ ዳሽቦርድ ላይ የሚታየው ቁጥር አሁን ከገባው መረጃ በቀጥታ አይመጣም፤ በተመደበለት ሰዓት፣ ብዙውን ጊዜ ሌሊት፣ ተሰልቶ ከሚዘጋጅ ሠንጠረዥ ነው የሚመጣው። ይህ ሁሉ በደንብ የታሰበ አሠራር ነው።

እንበልና አንድ የወረዳ ባለሙያ ይህን አልተነገረውም። ከሰዓት በኋላ ሪፖርቱን አስገባ። ዳሽቦርዱን ከፈተ፤ ቁጥሩ የለም። «በላው» አለ። እንደገና አስገባ፤ አሁንም የለም። ወደ ዞን ደወለ፤ ዞን ወደ ክልል ደወለ። ሲስተሙ ትክክል ነው፤ ባለሙያውም ትክክል ነው። የጎደለው ገጹ ላይ መጻፍ የነበረበት አንድ መስመር ነው፤ «ይህ ቁጥር የተዘጋጀው ዛሬ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነው» የሚል። ይቺ መስመር ባለመጻፏ ሰው በመረጃው ላይ እምነት ያጣል። እምነት ያጣ ሰው ደግሞ ወደ ወረቀት መዝገቡ ይመለሳል፤ በኮምፒውተር የሚጽፈውን ለይስሙላ ያደርገዋል።

መዘግየት የማይችሉ መረጃዎችም አሉ። የባንክ ሒሳብ አንዱ ነው። መጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን፤ ደንበኞች ሒሳባቸው ላይ ከሌለው በላይ ገንዘብ ማውጣት ችለው ነበር። ባንኩ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ፣ ከሲስተም ሥራ ጋር የተያያዘ ችግር እንደሆነ ነው የገለጸው፤ እኔም የካሽ ጉዳይ ነበር እያልኩ አይደለም። የማነሳው ሌላ ነገር ለማሳየት ነው፤ ማሽኑ የሚያምነውና እውነተኛው ሒሳብ ለጥቂት ሰዓት እንኳ ሲለያዩ ምን እንደሚከተል አይተናል። ስለዚህ የገንዘብ ቀሪ፣ የደም ባንክ ክምችት፣ የመድኃኒት ቀሪ፣ ባዶ የሆነ የሆስፒታል አልጋ፤ እነዚህ በየጊዜው ከምጣዱ ትኩሱን የሚፈልጉ ናቸው። ምጣዱ ካልተገኘ «አልተገኘም» መባል ይሻላል እንጂ የትናንቱን የዛሬ አስመስሎ ማቅረብ ነውር ነው።

የበሽታ ቅኝት ከእነዚህ ሁሉ የከፋ ነው። ደቡብ ጎንደር ይህን በራሷ ደም ታውቀዋለች። በ1997 ዓ.ም. ሊቦ ከምከም ውስጥ ካላዛር ወረርሽኝ መሆኑ እስኪታወቅ ድረስ ሰው ሲታመም መልሱ «ወባ ነው» ነበር። ወባ በፎገራና በሊቦ ሜዳ የኖረ በሽታ ነውና መልሱ ያልተለመደ አልነበረም፤ ተቀምጦ የቆየ መልስ ነበር። ጥያቄው ግን ተቀይሯል። ያን ጊዜ ኮምፒውተር አልነበረበትም፤ የሰው አእምሮም ያስቀመጠውን መልስ ጊዜው ካለፈ በኋላ ማቅረቡን ነው የሚያሳየን። በሽታ መጠቆሚያ ቁጥር ላይ «ለ2 ሳምንት አስቀምጥ» የሚለውን ምርጫ የሚመርጥ ሰው ምን እየመረጠ እንደሆነ ማወቅ አለበት።

አንድ ጥያቄ ቀርቷል፤ መሶቡ የት ይቀመጥ? ይህ በብዛት የሚሳሳቱበት ቦታ ነው። «ካሽ አለን» የሚሉ መሥሪያ ቤቶች ካሹ ያለው አዲስ አበባ፣ ከዋናው ሰርቨር አጠገብ ነው። ለሰርቨሩ ዕረፍት ይሰጣል፤ መልካም ነው። ነገር ግን መስመሩ ሲቋረጥ ለነፋስ መውጫ ጤና ጣቢያ ምንም አይፈይድም። ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የተቀመጠ መሶብ ለራት አይደርስም። የማይለዋወጡት ዝርዝሮች በየተቋሙ ባለው ኮምፒውተር ላይ፣ ቢያንስ ደብረ ታቦር ባለ አንድ ሰርቨር ላይ መቀመጥ አለባቸው። መስመር ሲጠፋ ምዝገባው እዚያው እየተካሄደ፣ መስመር ሲመጣ መላክ አለበት። ይህም የማይቻል አይደለም፤ የዲኤችአይኤስ 2 የስልክ መተግበሪያ ራሱ ያለ መስመር መዝግቦ በኋላ ይልካል።

«ይሄ ሁሉ ቅንጦት ነው፤ መጀመሪያ ሰላም፣ መጀመሪያ መብራት፣ መጀመሪያ ኔትወርክ» የሚል ይኖራል። ሐሳቡን አከብራለሁ፤ በተለይ ላለፉት ዓመታት ክልሉ ላየው መከራ። ግን ቆም ብለን እናስበው። ሁልጊዜ መስመር ላለው ከተማ ካሽ ፍጥነት ነው። መስመሩ ለሚመጣና ለሚሄድ አካባቢ ግን ካሽ ሥራው ራሱ ነው። ማገዶ የሞላው ቤት ያለ መሶብ ጥቂት ቀን ሊኖር ይችላል። ማገዶ ያጠረው ቤት ነው መሶብ የሚያስፈልገው።

ሌላው ተቃውሞ ጠንከር ያለ ነው። የታካሚን መረጃ በየቦታው ማስቀመጥ ምሥጢርን ለአደጋ ያጋልጣል ይባላል። እውነት ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 አለ፤ ቀልድ አይደለም። መልሱ ግን መለየት ነው። የወረዳ ስም፣ የዋጋ ዝርዝር፣ የመድኃኒት ስም የማንም ምሥጢር አይደለም፤ እሱ በየቦታው ይቀመጥ። የሰው ስምና ሕመም ያለበት መረጃ ለአጭር ጊዜ፣ ተመስጥሮ፣ ባለቤቱ በታወቀ ማሽን ላይ ብቻ ይቀመጥ። ሁሉንም አስቀምጥ ማለትም፣ ምንም አታስቀምጥ ማለትም ከማሰብ መሸሽ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? መንግሥት መሶብ ብሎ በሰየመው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ሥራዎችን ወደ አንድ ቦታ እያመጣ ባለበት በዚህ ጊዜ፣ አራት ነገር መጠየቅ የበዛ አይመስለኝም።

የመጀመሪያው ጨረታ ሰነድ ላይ ነው። ሶፍትዌር የሚገዛ መሥሪያ ቤት «ፈጣን ይሁን» ብሎ ብቻ አይጻፍ። አንድ ሠንጠረዥ ያያይዝ፤ ይህ መረጃ ስንት ጊዜ ይቀመጣል፣ ሲቀየር ማን ያስወጣዋል፣ መስመር ሲጠፋ ምን ይታያል። ሠንጠረዡን የሚሞሉት ደግሞ ሥራውን የሚያውቁት ናቸው፤ የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ፣ ፋርማሲስቱ፣ የወረዳው የመረጃ ባለሙያ። ባለሙያው የእነሱን መልስ ወደ ኢኤችካሽ ወይም ወደ ካፌይን ይተረጉመው።

ሁለተኛው ገጹ ላይ ነው። ተቀምጦ የቆየ መረጃ ሁሉ ዕድሜው በአማርኛ፣ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ይጻፍበት። «የተወሰደው ጠዋት 3:15» ብትል አንዲት መስመር ናት፤ ለሠራተኛዋ ግን መልስ ናት፣ ለባለጉዳዩም ክብር ናት።

ሦስተኛው ፍተሻው ላይ ነው። ሲስተም የሚፈተሸው አዲስ አበባ፣ ጥሩ መስመር ባለበት አዳራሽ ውስጥ ነው። ርክክቡ ነፋስ መውጫ ይሁን። መሀል ላይ መስመሩ ይነቀል። ሰኞ ጠዋት 2:30 ላይ ሁሉም መስኮት በአንድ ላይ ይከፈት። ያን ቀን ያለፈ ሲስተም ሌላውን ቀን ሁሉ ያልፋል።

አራተኛው ሰው ላይ ነው። ከደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ተምረው የሚወጡ ልጆች አሉ። ከከተማዋ ራቅ ሳይል ጋፋት አለ፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያስቀለጡበት። የውጭ እጅ ያለበት ሥራ ነበር፤ የተሠራው ግን እዚሁ፣ ለእዚሁ ሲባል ነው። ዛሬም ኦስሎ ወይም ባንጋሎር የተጀመረን ሲስተም መቀበል ነውር አይደለም። ነውሩ የመቆያ ሰዓቱን ሳይቀር እንደመጣ መተው ነው። እነዚህ ልጆች የሚኖሩበትን ዞን ሲስተም ማስተካከያ ገጽ ከፍተው «ይህ ቁጥር እዚህ ለምን 2 ሳምንት ይቀመጣል?» ብለው መጠየቅ እንዲችሉ ይሠልጥኑ፣ ይፈቀድላቸውም።

የኔትወርኩንና የመብራቱን ጉዳይ የሚመለከተው አካል ይሥራው፤ ረጅም ጊዜና ብዙ ገንዘብ ይፈልጋል። የመሶቡ ጉዳይ ግን ያን ያህል አይፈልግም። ቤተ መጻሕፍቱ በነፃ አለ፤ ማዕቀፉ አለ፤ ልጆቹ አሉ። የሚቀረው ሥራውን የሚያውቀውና ኮዱን የሚጽፈው አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው «ይሄ ስንት ቀን ይቆይ?» መባባላቸው ነው። ይህን ለማለት ደግሞ ኔትወርክ አያስፈልግም።